ቆርቆሮ ላይ የተሰጣው ባትሪ

ስልኬ ሲጮህ ዮሴፍ የድሪሉን አፍ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየጠረገ፣ ትሕትና ደግሞ ፑንታዎቹን፣ የመብሻ ጫፎቹን፣ ዘይት በነካው ጨርቅ እየወለወለች ነበር። የደወለው ኤርሳዶ ነው፤ የእህቴ ባል፣ የልጆቹ አባት።

«እዮኤል፣ ዛሬ ውጡ ብለውናል» አለኝ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል፤ የእኛው ይሁን የጎረቤት አልጋ አላወቅሁም።

«ነገ አልነበረም እንዴ?»

«ሲስተሯ አሁን መጥታ አየቻትና ‹ደህና ነሽ፣ ቤትሽ ብታርፊ ይሻልሻል› አለቻት። ወረቀቱን ጨርሰን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንደርሳለን። አልጋው ቆሟል አይደል?»

ቀና ብዬ አልጋውን አየሁት። ራስጌው አንዱን ግድግዳ፣ ግርጌው ሌላውን ተደግፏል። ሁለቱ ጎኖች መሬት ላይ ተጋድመዋል። ርብራቡ በሲባጎ ታስሮ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ዮሴፍ ጠዋት ሙሉ ፈረስ አድርጎ ሲጋልበው ነበር።

«ስትመጡ ቆሞ ታገኙታላችሁ» አልኩት።

«እዮኤል፣ መሬት ላይ እንዳላስተኛት...»

«ገባኝ። ቆሞ ታገኙታላችሁ።»

ዘጋሁና ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት አልፏል።

እህቴ ሰገነት የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ሁለቱን የመጀመሪያ ልጆቿን በምጥ ስለወለደች ይሄኛው ለሁላችንም አዲስ ነበር። ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ከአልጋዋ ቀና ለማድረግ ኤርሳዶ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ያዝናት፤ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ተነሣች። ሲስተሯ እያየችን ነበር። «ቤት ስትገቡ መሬት ላይ ፍራሽ የሚባል ነገር እንዳታስቡ» አለችን። «ዝቅ ያለ አልጋም አይሆንም። ከታች ለመነሣት ስትታገል ስፌቱ ቢላቀቅ ተመልሳችሁ እኛው ጋ ናችሁ።»

ኤርሳዶ ቃሉን ከልቡ ያዘው። እሱ ደግሞ ከልቡ የያዘውን ነገር በልክ ማድረግ አይሆንለትም። መሀሉ እንደ ጀልባ የጎደጎደውን የሽቦ አልጋ የዚያኑ ዕለት ቦምቤ ላለው ወንድሙ ጫነለት። አዲስ የዋንዛ እንጨት አልጋ፣ ከፍ ያለ፣ ሻንቶ ላለ አናጢ አዘዘ። አልጋው ትናንት በአይሱዙ መጣ። በራችን ጠባብ ስለሆነ ተገጣጥሞ ስለማይገባ፣ አናጢው ነገ ጠዋት እዚሁ መጥቶ ሊሰረስረውና ሊገጥመው ነበር ቀጠሮው። አሁን ብደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እንግዲህ ቤቱ ውስጥ አሮጌው አልጋ የለም፣ አዲሱም ገና አልጋ አልሆነም፤ ልጆቹና እኔ የምንተኛው መሬት ፍራሽ ላይ ነው። ያለው ጣውላ ነው። እኔ፣ ሁለት ልጆችና ድሪሌ።

ድሪሉ ገመድ የሌለው፣ በባትሪ የሚሠራ ነው፤ ርካሽ ከሚባሉት ሁሉ ርካሹ። ስሙ ጎኑ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተላጠና አሁን የቀሩት ሁለት ፊደሎች ምንም ትርጉም አይሰጡም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ በሶዶ በየሰዉ ቤት የመጋረጃ ብረት፣ መስተዋትና መደርደሪያ የምሰቅለው በእሱ ነው። ብቻዬን መሥራት ደስ ይለኛል። ግድግዳ ሰው አይደለም፣ ወሬ አይጠይቅም። አንዳንዴ ሥራውን ጨርሼ በመስኮቱ የዳሞታን ተራራ እያየሁ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ፤ ደመናው ከጫፉ ወደ ታች ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ጋቢ ሲደርብ ይመስለኛል። የቤቱ ባለቤት መጥተው «ምነው፣ ተጣሟል እንዴ?» ሲሉኝ ነው የምነቃው።

እህቴ ቤት ግን ብቻዬን መሥራት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ድሪሉን ከልጆቹ እደብቀው ነበር፤ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ትራሴ ውስጥ። ዮሴፍ የትም ባስቀምጠው ያገኘዋል። አንድ ቀን የዶሮ ቤቱን በር እንደ ወንፊት በስቶት አገኘነው። ያኔ ሰገነት ወገቧን ይዛ «ወይ በደንብ አስተምራቸው፣ ወይ ይዘኸው ደጄ አትምጣ» አለችኝ። ማስተማሩን መረጥኩ። ትሕትና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፑንታ ሲቀየር ባትሪው ቀድሞ እንደሚነቀል፣ ፀጉር እንደሚታሰር፣ የሚበሳው እንጨት በእጅ እንደማይያዝ፣ የነገርኳትን ሁሉ እንደ ሰንበት ትምህርት ጥቅስ በቃሏ ይዛዋለች። ዮሴፍ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱ የሚይዘው የተመቸውን ብቻ ነው።

«ጀምሩ» አልኳቸው። «እናታችሁ ዛሬ ትመጣለች።»

«ሕፃኑም?» አለ ዮሴፍ።

«አይ፣ እሱን እዚያው ትተውት ይመጣሉ» አለችው ትሕትና።

ዮሴፍ ለአፍታ አመናትና ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ የጥርስ ብሩሹን ወረወረባት።

ራስጌውን መሬት ላይ አስተኝተን እኔ በጉልበቴ ረገጥኩት። ቀዳዳ የሚያስፈልግበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ትሕትና ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ድሪሉን በሁለት እጇ ይዛ፣ የእኔ እጅ ከሥር ደግፏት፣ ቀስ ብላ ተጫነችው። የዋንዛው ብናኝ እንደ ቡላ ዱቄት ነጭ ሆኖ ተፈናጠረ። «አትግፊው፣ ራሱ ይግባ» እላታለሁ። ዮሴፍ በየመሀሉ ብናኙን በብሩሽ ያነሣል። ድሪሉ ሲሠራ የሚያሰማው ድምፅ ትልቅ ጥንዚዛ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዓይነት ነው፤ የምወደው ድምፅ ነው።

የራስጌውን ቀዳዳዎች ጨርሰን ወደ ግርጌው ስንዞር ጥንዚዛዋ ደከመች። የባትሪውን ቁልፍ ተጭኜ አየሁ፤ ከሦስቱ መብራቶች የበራው አንዱ ብቻ ነው። ቻርጀሩን ሰካሁት። ምንም። የግድግዳውን መብራት ሞከርኩ። ምንም።

«መብራት ጠፍቷል» አለች ትሕትና፣ ሁላችንም ያወቅነውን።

ብሎንም አልነበረንም፤ አናጢው ነገ ከራሱ ጋር ይዞ ሊመጣ ነበር። መብራቱ እስኪመጣ ብሎኑን ልግዛ አልኩና ተነሣሁ። ባትሪውን ከድሪሉ ነቅዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ የማዞሪያውን አቅጣጫ የምትቀይረዋን ቁልፍም መሀል ላይ አደረግኋት፣ መሀል ስትሆን ድሪሉ ተቆልፏል ማለት ነው።

«ድሪሉን ማንም እንዳይነካ» አልኩ።

«እሺ» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

ባዳቾ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ከሰው ጋር ሳይቀልድ ሚስማር አይሸጥም። የምፈልገውን ብሎን ስነግረው ዓይኑን አጠበበ።

«ይሄ የአልጋ ብሎን ነው።»

«ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አግብተህ ደብቀኸን ነው?»

«እህቴ ወልዳ ነው ባዳቾ። ዛሬ ከሆስፒታል ትወጣለች።»

«ተመስገን! ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«እንግዲህ እሱ ሊያገባ ሲደርስ አንተ ገና ብሎን ትገዛለህ» አለና እየሳቀ ቆጠረልኝ። ልወጣ ስል ጠራኝ። «ስማ፣ በደረቁ እንዳትገጥመው። ጥርሱን ሳሙና አስነካው፣ ሰተት ብሎ ይገባል።»

ስመለስ ዮሴፍ የግቢው በር ላይ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እዩ፣ ችግር የለም» አለኝ፤ ልጆቹ እዮኤልን አሳጥረው እዩ ነው የሚሉኝ።

«የምን ችግር?»

«የባትሪው። ቻርጅ እየሆነ ነው።»

«መብራት መጣ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ በምን?»

በአገጩ ወደ ማድቤቱ ጣሪያ ጠቆመኝ። የየካቲት ፀሐይ አናት ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ሲያዩት ዓይን ይወጋል። እዚያ ቆርቆሮ ላይ፣ በንጹሕ ፎጣ ተደርጎ፣ የድሪሌ ባትሪ እንደ እህል ተሰጥቷል።

«መቼ ነው ያስቀመጥከው?»

«ወዲያው እንደሄድክ። ጉኑኖ ያለው አያቴ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ያሰጣዋል፣ ከዚያ ሬዲዮው እንደገና ያወራል።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ድሪሉን አልነካሁም።»

እውነቱን ነው፤ አያቱ፣ ማለትም አባቴ፣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔም በእሱ ዕድሜ እነዚያን ድንጋዮች በተርታ ደርድሬ፣ ሞቃቸው አልሞቃቸው እያልኩ ስነካካ ውያለሁ። ግን ይሄ ድንጋይ አይደለም። አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ያበጠ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ጭሶ ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰውየው የሮጠው እኔን ረግጦ ነው።

«ራቁ! ሁለታችሁም ወደ በሩ!» ብዬ ጮህኩ። እኔ ብዙ ጊዜ አልጮህም፤ ስጮህ ምን እንደምመስል ከዮሴፍ ፊት አየሁት።

ወንበር ላይ ወጥቼ ባትሪውን ከነፎጣው አነሣሁት። ከድስት አሁን እንደወጣ የቦዬ ሥር ያቃጥላል። እየሮጥኩ ወስጄ ከቤቱ ራቅ ያለው አቮካዶ ሥር፣ ጥላ ያለበት ባዶ አፈር ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ኋላዬ ሸሸሁ። አልጨሰም። አልጮኸም። ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እኔና ትሕትናም ከሩቅ ቆመን አየነው።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እትዬ አሳየሽ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ከጽሕፈት ቤት በጡረታ ከወጡ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ የሚያመልጣቸው ነገር የለም።

«ምን ቀብራችሁ ነው እንዲህ የምታፈጡበት?»

«ባትሪ ነው እትዬ አሳየሽ። ፀሐይ መታው።»

«ባትሪም ፀሐይ ይመታው ጀመር? ውሃ አትደፉበትም?»

«ውሃ ያባብሰዋል።»

«እንግዲያው ጠበል ላምጣ? ወይስ እናንተ በጸሎታችሁ ትጨርሱታላችሁ?»

ትሕትና ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «ሰገነት ዛሬ ትመጣለች» አልኳቸው። «አልጋዋ አልቆመም። ያለ እሱ ደግሞ አይቆምም።»

የእትዬ አሳየሽ ፊት ተለወጠ። «ዛሬ? በኦፕራሲዮን ወልዳ መሬት ላይማ አትተኛም! እኔ ቤት አምጧት እንዳልል የእኔ አልጋ ከበርጩማም ያንሳል። እኔ ራሴ የምነሣው ቅዱሳኑን ሁሉ ጠርቼ ነው።» ወዲያውም «በል ቁጭ ብለህ አትየው፣ በእጅ የሚሆነውን ሥራ!» ብለው ጮኹብኝ።

ልክ ነበሩ። የራስጌው ቀዳዳዎች አልቀዋል፤ እሱን በካቻቪቴ መግጠም እንችላለን። ዞር ስል ግን ዮሴፍ የለም።

«የት ሄደ?»

«እንሰቱ ውስጥ ነው» አለች ትሕትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሲቆጡት እዚያ ነው የሚገባው። ነገረችኝ እንዳትለው።»

ከትልልቆቹ ቅጠሎች ሥር ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አልቅሶ ጨርሶ ወደ መንሰቅሰቁ ደርሷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እዚያ ውስጥ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፣ ሰው ኩሬ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ብዙ እቆይ ነበር።

«እማዬ መሬት ላይ ልትተኛ ነው?» አለኝ።

«አትተኛም።»

«እትዬ አሳየሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ ነው።»

«አንተ እንዲበረታ ብለህ ነው።»

«ድሪሉን አልነካሁም እኮ። ድሪሉን ነው አትንኩ ያልከው።»

«ልክ ነህ። ስለ ባትሪው አልነገርኩህም። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ፀሐይ አይወድም፤ ጥላ ነው የሚወደው። አሁን አወቅህ።»

«ሞተ?»

«አላውቅም» አልኩት። ልዋሸው አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ አልመጣልኝም። «እስኪቀዘቅዝ አይታወቅም። እስከዚያ ግን ሳሙና የሚያስነካልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ምኑን?»

«ብሎኑን።»

በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገና ተነሣ።

ዮሴፍ የልብስ ሳሙና ጉንጩን እስኪነካ አስጠግቶ ይዞ፣ እያንዳንዱን ብሎን እያዞረ አሸው፤ ሳሙናው በኋላ አይጥ የበላው መሰለ። ትሕትና ጎኑን ደግፋ ያዘች፣ እኔ በካቻቪቴ አጠበቅሁ። ባዳቾ እንዳለው ሰተት ብሎ አልገባም። መጀመሪያ ይገባል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ ከዚያ መዳፍ ይልጣል። ቢሆንም ራስጌው ሁለቱን ጎኖች ያዘ። ላቤን ስጠርግ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። መብራት የለም። የቀረው ግርጌው ነው፤ እሱ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም፤ ያን ያህል ወፍራም ዋንዛ ደግሞ በካቻቪቴ ጉልበት ብቻ አይበሳም።

ወደ አቮካዶው ሄድኩ። ባትሪውን መጀመሪያ በእጄ ጀርባ ነካሁት። ቀዝቅዟል፤ እንደ አፈሩ ሆኗል። አንስቼ ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁትና በጣቴ ጫፉን ጫን አልኩት፤ ያበጠ ቢሆን ይወዛወዝ ነበር። አልተወዛወዘም። ስንጥቅ የለውም፣ ሽታ የለውም። ልጆቹን ወደ ኋላ አድርጌ ድሪሉ ላይ ሰካሁት፤ «ቀጭ» አለ። የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ዝም።

ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። አውጥቼ መልሼ ሰካሁት። ዝም። ያኔ ጭንቅላቴ ውስጥ እህቴ ከመሬት ፍራሽ ላይ ልትነሣ ስትሞክር ታየችኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማየት ስጀምር ከሥዕሉ ቶሎ አልወጣም። ኤርሳዶ በሩ ላይ ቆሞ ጣውላዎቹን ሲያይ፤ ሲስተሯ «አላልኳችሁም?» ስትል፤ ሁሉም ታየኝ። ዮሴፍ ወደ እንሰቱ ማየት ጀምሯል።

«እዩ» አለች ትሕትና።

«ቆይ።»

«እዩ፣ መሀል ላይ ነው።»

«ምኑ?»

«ቁልፏ። መሀል ላይ ናት። ተቆልፏል እኮ።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። የማዞሪያው ቁልፍ ራሴ ያደረግሁበት ቦታ፣ ልክ መሀል ላይ ነው። በአውራ ጣቴ ወደ ግራ ገፋሁትና ተጫንኩ፤ ጥንዚዛዋ ጮኸች።

ዮሴፍም ጮኸ። ትሕትና አልጮኸችም፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ «አስተማሪውን ማን ያስተምረው» ብላ በሰፊው ፈገግ አለች። ልቆጣት ፈለግሁ፤ በምትኩ አንገቷን አቅፌ ሻሿን አጣመምኩባት።

መብራቷ አሁንም አንድ ናት። «አንድም ቀዳዳ በከንቱ አንበሳም» አልኩ። «መጀመሪያ ክብደት የሚሸከሙት፣ የማዕዘኖቹ። ከተረፈ ሌላው።» ድሪሉን ወደ ዝግተኛው ማርሽ አወረድኩት፤ እንዲያ ሲሆን ባትሪውን ብዙ አይበላም። ትሕትና ምልክቱ ላይ አነጣጠረች። እኔ ረገጥኩ። ዮሴፍ መሬት ላይ ተኝቶ፣ ፑንታው በሌላው ወገን ብቅ ሲል እንዲነግረን ዓይኑን አጠበበ፤ ከራቀ ቦታ፣ ምክንያቱም ትሕትና «ራቅ» ብላው ነበር።

«ወጣ!» ይላል። እናቆማለን። «ወጣ!» ይላል። እናቆማለን።

የማዕዘኖቹ አለቁ። የርብራቡን መደገፊያ መብሳት ጀመርን፤ ድምፁ እየሰለለ፣ እየሰለለ መጣ። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ፑንታው እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለ። በቃ። ፑንታውን በፒንሳ እያዞርኩ አወጣሁት። ቀዳዳው አላለፈም፣ ግን ብሎን ለማስጀመር ይበቃል።

«አየህ» አለ ዮሴፍ። «ፀሐዩ ረድቶታል።»

«አልረዳውም።»

«ግን ሠራ።»

«የሠራው በነበረችው አንድ መብራት ነው። ፀሐዩማ ሊገድለው ነበር።»

«ግን አልገደለውም፤ ሠራ» አለ። ይሄ ልጅ አርጅቶ የልጅ ልጆቹን ሲያሳስት ታየኝ።

የቀረውን በእጅ አጠበቅን። ወደ መጨረሻው ብሎን ስደርስ ከሰፈሩ ሁሉ ጫፍ «መጣ! መጣ!» የሚል የልጆች ጩኸት ተነሣ፣ የእኛም አምፖል በራ። ቻርጀሩን አየሁት፤ ተሰክቶ ስለነበር መብራቱ ፊቱን ፈገግ አድርጎ ያየኛል። ከት ብዬ ሳቅሁ መሰለኝ፣ ልጆቹ ግራ ተጋቡ። ካቻቪቴውን ጣልኩና ርብራቡን ደረደርን፣ ፍራሹን ጣልንበት፣ ትሕትና አንሶላውን አነጠፈች። ዮሴፍ ላዩ ላይ ዘለለበት። እኔም ተንከባለልኩበት። ትሕትና «ለእማዬ ነው!» እያለች ሁለታችንንም አወረደችን፤ ቀጥላም ራሷ ወጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጥንካሬውን ለማረጋገጥ ይመስል ሦስት ጊዜ ነጠረች።

ባጃጁ በሩ ላይ ጡሩምባ ሲነፋ የእንጨቱን ብናኝ ገና ጠርገን አልጨረስንም ነበር።

እትዬ አሳየሽ ከማንም ቀድመው እልል እያሉ ደረሱና ሕፃኑን ከኤርሳዶ እጅ ተቀበሉት። ሰገነት በባሏ ክንድ ተደግፋ፣ በአጫጭር እርምጃ፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁራ ገባች። ልጆቿን ሳመች። እኔን ሳመችኝ። «ብናኝ ላይህ ላይ ሞልቷል» አለችኝ። ከዚያ ወደ አልጋው ሄደች።

እኔና ልጆቹ፣ እትዬ አሳየሽም ጭምር፣ ትንፋሻችንን ያዝን። ሰገነት ጀርባዋን ወደ አልጋው አዞረች፣ በእጇ ራስጌውን ያዘች፣ ተቀመጠች። ጆሮዬን ጣልኩ። እንጨቱ ምንም አላለም።

«ምን ሆናችኋል?» አለች። «ሰው ሲቀመጥ አይታችሁ አታውቁም?»

ቀስ ብላ በጎኗ ጋደም አለች። ረጅም፣ በጣም ረጅም ትንፋሽ አወጣችና «ወይኔ ጌታዬ፣ እንዴት ደስ ይላል» አለች። ኤርሳዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ኮቱን መስቀያ የሚፈልግ መሰለ፤ መስቀያ በዚያ በኩል የለም። ዞሮ ትከሻዬን በጣም አጥብቆ ያዘኝ።

ትንሽ እንደቆየች ሕፃኑ አለቀሰ። እኔና ኤርሳዶ ልንይዛት እኩል ተንቀሳቀስን። እሷ ግን አልጠበቀችንም። ወደ ጎን ተንከባለለች፣ እግሮቿን ወደ ታች አወረደች፣ ራስጌውን ተመርኩዛ ቀና አለች፤ ብቻዋን። ፊቷ ትንሽ ጨፍገግ ብሎ ነበር፣ ግን ብቻዋን። ከዚያ እጇን ዘርግታ «አምጡልኝ ልጄን» አለች።

ሕፃኑን ታቅፋ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን፤ በዮሴፍ ጉንጭ ላይ የደረቀውን ሳሙና፣ ትሕትናን፣ የተላጠውን መዳፌን። የምትጠይቅ መሰለኝ። የጠየቀችው ግን ሌላ ነው።

«ራበኝ» አለች።

ኤርሳዶ ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፏ አልሰማም ነበር። እሱ ወደ ማድቤት ተፈተለከ። ልጆቹ ተከተሉት፣ እትዬ አሳየሽ «እኔ ቤት ገንፎ አለ!» እያሉ ወደ አጥሩ ሮጡ፣ እኔም ምን እንደማመጣ ሳላውቅ ሮጥኩ።

«ኧረ አንድ ሰው ይበቃል!» ስትል ከኋላችን ሰማናት። ማንም አልቆመም።